ጭስ ሁሉ ደመና አይሆንም

ግንቦት ሲጋመስ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ዘንድሮም እንዲሁ ነው። ከዘጌ፣ ከጎርጎራ፣ ከፎገራና ከዚሁ ከባሕር ዳር የመጡትን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሁሉም ጉዳይ አንድ ሆኖ አገኘሁት፦ አየር ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች። ጭስ፣ አቧራ፣ ጥላሸት፣ የጨው ብናኝ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ እንደሚያውቁት የገጽ ኬሚስትሪ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች በሚነካኩበት ቦታ ላይ የሚሆነው ነገር፣ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስል አሳጥሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የምንኖረው ዘጌ ነው። ማጀታችን ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ነው የሚወጣው። እናቴ «ይሄ ጭስ ወጥቶ ወጥቶ ደመና ይሆንና መልሶ ይዘንብብናል» ትላለች። እኛ ደግሞ ደመና ውሃ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ማናችን ነን ልክ? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዘጌ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መሐል ላይ የጎደለ ነገር ስላለ ነው የተለያያችሁት። እሱን ልንገርሽ።

ደመና ውሃ ነው። ነገር ግን የውሃ እንፋሎት ንጹህ አየር ውስጥ ብቻውን ጠብታ መሆን እጅግ ይከብደዋል። አየሩ መያዝ የሚችለውን እንፋሎት ጠግቦ እርጥበቱ 100 በመቶ ደረሰ እንበል። ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ጠብታ ሊሠሩ ይሞክራሉ። የምትፈጠረው ጠብታ ግን በጣም ትንሽ ናት፤ ገጿም በጣም የጎበጠ ነው። በጎበጠ ገጽ ላይ ያለ ሞለኪውል አጥብቀው የሚይዙት ጎረቤቶች ያንሱታል። ቶሎ ያመልጥና ወደ አየር ይመለሳል። ጠብታዋ ሳታድግ ትጠፋለች። ይህን አሸንፎ ያለ ምንም ቅንጣት ደመና ለመሥራት እርጥበቱ ወደ 400 በመቶ መድረስ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ አየር በጣና ላይም ሆነ በሌላ ሰማይ የለም። እውነተኛው ደመና የሚሠራው እርጥበቱ ከ100 በመቶ ትንሽ ሲያልፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በ1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱን የሚሞሉት ቅንጣቶች ናቸው። እንፋሎቱ ከዜሮ አይጀምርም፤ የሚያርፍበት የተዘጋጀ ገጽ ያገኛል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኤትከን ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ ነው። ሁለት የመስታወት ዕቃ ወሰደ። አንዱን በተራ አየር ሞላው፤ ሌላውን በጥጥ በተጣራ አየር። ሁለቱም ውስጥ የፈላ ውሃ እንፋሎት ሲለቅ ተራው አየር ወዲያው ጉም ሆነ። የተጣራው ጥርት እንዳለ ቀረ። ሙከራው ቀላል ነው፤ ግን ዛሬ ስለ ደመና የምናውቀው ብዙ ነገር የተነሳው ከእሱ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ጭስ እንምጣ። ደህና ነበልባል ያለው እሳት ጥቁር ጥላሸት ያወጣል። እርጥብ እንጨት ሲጨስ ደግሞ ነጣ ያለ፣ ዓይን የሚለበልብ፣ ዘይት መሰል ነገር የበዛበት ጭስ ይወጣል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አዲስ የወጣ ጥላሸት ውሃ አይወድም። ይህን እቤትሽ ሞክሪው። የብረት ማንኪያ ውሰጂ። ጀርባውን በሻማ ነበልባል ጫፍ ላይ ያዢው፤ እጅሽ እንዳይቃጠል እጀታውን በጨርቅ ጠቅልዪው። ማንኪያው ጥቁር ከለበሰ በኋላ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ጠብታው አይዘረጋም። ድብልብል ይልና ይንከባለላል፤ ማንኪያውን ስታዘነብዪው ሳያረጥበው ወርዶ ይሄዳል። ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ከስሩ የብር ቀለም ያለው ነገር ያብለጨልጫል። በውሃውና በጥላሸቱ መሐል የተያዘ አየር ነው። ገና ከምድጃ የወጣው ጥላሸትም ሰማይ ላይ ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ውሃውን አያስጠጋም።

የእንጨት ጭስ ግን ጥላሸት ብቻ አይደለም። እንጨት ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ እናትሽ አመዱን ለምን እንደምታስቀምጥ ጠይቂያት። ከጭሱ ጋር የፖታሲየም ጨዎች አብረው ይወጣሉ፤ ጨው ደግሞ ውሃ ይስባል። ክረምት ሲገባ የወጥ ቤታችሁ ጨው እንደሚረጥብ ታውቂያለሽ። ገበታ ላይ ያለው ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ እንፋሎቱን እየሳበ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ስለዚህ ከጭሱ የተወሰነው ክፍል ገና ከክዳኑ እንደወጣ ለደመና ዝግጁ ነው። የቀረው አይደለም።

የቀረው ጉዞ ይጠብቀዋል። አየር ላይ ኦዞን የሚባል ጋዝ አለ፤ የጥላሸቱን ገጽ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ኦክስጅን ያጣብቅበታል። ሰልፈሪክ አሲድና ናይትሪክ አሲድ ይመጡና ይለጠፉበታል። ከከብቶች ሽንትና ከማዳበሪያ የሚነሳው አሞኒያ ደግሞ ከአሲዱ ጋር ተዋሕዶ ጨው ይሆናል። ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ያ ውሃ የማያስጠጋው ጥቁር ቅንጣት የጨው ኩታ ደርቦ ውሃ ወዳድ ይሆናል። ሆዱ ያው ካርቦን ነው። የተለወጠው ገጹ ብቻ ነው። ለደመናው ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ስዊድናዊው ሂልዲንግ ኮህለር እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን በሒሳብ አስቀመጠው። ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። የጠብታዋ መጉበጥ ውሃውን ያባርራል፤ ውስጧ የሟሟው ጨው ውሃውን ይይዛል። ቅንጣቷ ተለቅ ካለችና ጨው ከበዛባት ጨው ያሸንፋል፤ ጠብታዋ ታድጋለች። ተለቅ ስል ደግሞ 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ ማለቴ ነው። የራስ ፀጉርሽ ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ከጭስ የሚመጡ አንዳንድ ዘይታማ ነገሮችም በጠብታዋ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሆነው የገጹን ውጥረት ይቀንሱታል። ያኔ ማደጉ ይቀልላታል።

እንግዲህ የእናትሽ ጭስ ደመና ሊሆን ይችላል። ዘጌ ላይ ግን ላይዘንብ ይችላል። እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች አየር ላይ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፋስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይወስዳቸዋል። እናንተ ቡና ላይ የሚያርፈው ዝናብ በሌላ አገር ሰው ጭስ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባጃጅ ነው የምሠራው። የካቲትና መጋቢት ላይ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ስደርስ ዘጌ አትታይም። ደሴቱ ክብራን ገብርኤል እንኳ ብዥ ይልብኛል። ተሳፋሪው አንዱ ጉም ነው ይላል፣ አንዱ አቧራ፣ አንዱ ጭስ። በምን ልለየው? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰዓቱን አይተህ ትለየዋለህ። ጉም መሬት ላይ ያረፈ ደመና ነው። ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ፣ ተንኖ ያልቃል። ቀትር ላይም ዘጌ ብዥ እንዳለች ከቀረች ያየኸው ጉም አይደለም። ደረቅ ቅንጣት ነው።

እኔም ሐይቁ ዳር ስሄድ ዓይኔ ወደ ዘጌ ነው። ጠዋት ነጭ የነበረው ግርዶሽ ቀትር ላይ ሳሳ ብሎ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቅንጣቶቹ ያው ናቸው። ጠዋት ሐይቁ ዳር እርጥበቱ ከፍተኛ ስለሆነ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። አሞኒየም ሰልፌት የሚባለው ጨው እርጥበቱ 90 በመቶ ሲደርስ ስፋቱ ከደረቁ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ያበጠ ቅንጣት ብርሃን ይበትናል፤ ስለዚህ ነጣ ብሎ ይታያል። ቀትር ላይ ይደርቃል፣ ይኮማተራል።

በዚያ ወቅት ማሳ ይቃጠላል፣ ከሰል ይከሰላል፣ መንገዱም አቧራ ነው። ከሩቅ የሰሃራ አቧራም የሚደርስበት ጊዜ አለ። የሰሃራ አቧራ ውስጥ የኖራ ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ ለብቻው ውሃ ብዙም አይስብም። ከመኪና ጭስ የሚፈጠረው ናይትሪክ አሲድ ሲነካው ግን ገጹ ካልሲየም ናይትሬት ይሆናል። ካልሲየም ናይትሬት ደግሞ ደረቅ በሚባል አየር ውስጥ እንኳ ውሃ ስቦ ይረጥባል። የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ የባጃጅህ መስታወት ላይ ጭቃማ ነጥብ ትቶ ሲሄድ እነዚህን ሁሉ ይዞ ወርዶ ነው። ማግሥቱን ዘጌን እያት፤ ዛፉ ሳይቀር ይለይልሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በሬዲዮ የሰማሁት ነገር አለ። የፈረንጅ ፋብሪካ ጭስ የኛን ዝናብ ወስዶብናል ይላሉ። በ77 ዓ.ም. ድርቅ የደረሰብንን ያየ ያውቀዋል። ለመሆኑ እውነት ነው? ጭስ አገር አቋርጦ እንዴት ዝናብ ይወስዳል? (ጎርጎራ)

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ከባድ ነው። የሚታወቀውን ብቻ ልንገርዎ።

ጭስ ዝናብ ተሸክሞ አይሄድም። የሚያደርገው ሌላ ነው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲነድ አብሮት ሰልፈር ይነዳል። የሚወጣው ጋዝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አየር ላይ፣ በተለይም ደመና ጠብታ ውስጥ ገብቶ፣ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ከዚያ ሰልፌት የሚባል ጨው ይወጣዋል። ይህ ጨው ውሃ በጣም ይወዳል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት የደመና ጠብታ ለመሆን ዝግጁ ነው። ደመናው ውስጥ ያለው ውሃ ግን አልጨመረም። ያው ውሃ ለብዙ ጠብታ ይከፋፈላል። ጠብታዎቹ ይበዛሉ፣ ያንሳሉም።

ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ትንንሽ ጠብታ የበዛበት ደመና ይነጣል፤ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስረዳው ሾን ቱሚ የሚባል ሳይንቲስት ነው። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ጠብታዎች ተጋጭተው መዋሃድ ያዳግታቸዋል። አንድ የዝናብ ጠብታ እንድትወርድ አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታ መዋሃድ አለበት። ስለዚህ ዝቅ ያለ ደመና በሰልፌት ሲሞላ ዝናቡ ይዘገያል። እንደ ክረምታችን ባለ ከፍ ያለ የነጎድጓድ ደመና ላይ ውጤቱ ምን እንደሆነ ግን ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ለኛ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰልፈር አወጡ። ከሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ያለው ሰማይ ነጣ፤ ከሥሩ ያለው ባሕር ቀዘቀዘ። የአፍሪካ የዝናብ ቀበቶ በየዓመቱ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሰሜኑ ከደቡቡ አንፃር ሲቀዘቅዝ ቀበቶው እንደ ልማዱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ደቡብ ላይ ይቀራል። በዚያ ዘመን ከሰሃራ በታች ያለው የሳህል ምድር በድርቅ ተመታ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ያ የሰልፈር ብክለት ለሳህል ድርቅ ድርሻ እንደነበረው አስፍሯል። አውሮፓና አሜሪካ በሕግ ሰልፈራቸውን ሲቀንሱ የሳህል ዝናብም እያገገመ መጣ።

ድርሻ ነው የተባለው፣ አባቴ፤ ሁሉም አይደለም። የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ የኛን ክረምት ያናጋዋል። በ77 ዓ.ም. ሕዝባችንን የጨረሰው ደግሞ የዝናብ መጥፋት ብቻ እንዳልነበር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ጦርነቱም ነበረ። ይህን ሁሉ በአንድ ጭስ ላይ መጫን ትክክል አይደለም። ድርሻው መኖሩን መሸፋፈንም ትክክል አይደለም። ሰልፈሩን ያወጣ አንድ፣ ዝናቡን ያጣ ሌላ። ይህ የፍትሕ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቻችንም ሊማሩት ይገባል።

ከዚያ የቆየ፣ ዓባይን የሚነካ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል ስፍራ ምድር ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። እስከሚቀጥለው የካቲት አላቆመም። 120 ሚሊዮን ቶን ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አወጣ። አውሮፓ በደረቅ ጉም ተሸፈነች። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ የነበሩት ፍጻሜ መንግሥት የሚባሉት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ዓመት የዓባይ ሙላት ግብፅ ላይ አነሰ፤ ብርቱ ረሃብ ገባ። በዘመኑ ግብፅን የጎበኘ ፈረንሳዊ ተጓዥ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኮምፒዩተር ሞዴል ጥናት ሁለቱን አገናኛቸው፦ ሰልፌቱ የሰሜኑን ምድር ሲያቀዘቅዘው የአፍሪካና የህንድ የክረምት ዝናብ ደከመ፣ ዓባይም አነሰ። የዓባይ ወንዝ ሙላት የሚመጣው ከኛው ደጋ ነው። ግብፅ ላይ ያነሰው ውሃ በቅድሚያ እዚህ ያልዘነበ ውሃ ነው። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ፀጥ ይላሉ። አይስላንድ የት፣ ጣና የት!

ጥያቄ፦ ብክለት ደመናውን የሚያነጣና ምድርን የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ጠቀመን ማለት አይደለም እንዴ? ለምን እንቀንሰዋለን? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ማቀዝቀዙ እውነት ነው። ያው የ2021 ሪፖርት እንደሚለው የሰው ልጅ ያወጣቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች ብቻቸውን ምድርን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁ ነበር። በዋናነት ቅንጣቶቹ ከዚያ ላይ እስከ 0.8 ዲግሪ የሚደርስ ቀንሰዋል። እሳተ ገሞራም ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ በሚቀጥለው ዓመት የምድር አማካይ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ወረደ። ከኛ ድንበር ማዶ ኤርትራ ውስጥ ያለው ናብሮ የሚባል እሳተ ገሞራም ሰኔ 2003 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሰልፈሩ ከደመና በላይ እስካለው የአየር ንብርብር፣ እስከ ስትራቶስፌር፣ ደርሷል።

ሒሳቡ ግን አያዋጣም። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ቅንጣት በሳምንት ይወርዳል። አብሮት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ቅዝቃዜው እንዲቀጥል በየሳምንቱ አዲስ ጭስ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከሥር ደግሞ ጋዙ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2020 የመርከብ ነዳጅ ሰልፈር ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ የሚያዘው ዓለም አቀፍ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ውቅያኖስ ላይ መርከቦች ተከትለው የሚሠሩት ነጭ የደመና መስመር ወዲያው ቀነሰ።

ጥላሸት ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነው። ጥቁር ስለሆነ ብርሃን ይውጣል፣ ዙሪያውን ያሞቃል፤ የጨው ሽፋን ሲደረብበት እንዲያውም የባሰ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ ጭስ ሁሉ ያቀዘቅዛል ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ቀርቶ ሳንባ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ማጀት ውስጥ ዓይኗን እየጠራረገች እንጀራ የምትጋግር እናት ለምድር ቅዝቃዜ ስትል ትታገሥ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የተሻሻለ ምድጃና ጭስ ማውጫ ቅንጦት አይደለም። ለዘጌዋ ልጅ እናትም ይህንኑ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ጢስ ዓባይ ላይ ከፏፏቴው የሚነሳው ርጭት ደመና ይሠራል? (አዴት)

መልስ፦ ርጭቱ ብዙው እዚያው ተመልሶ ይወርዳል። የሚተንነው ጠብታ ደግሞ የሚተወው ውስጡ የነበረውን ብቻ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ጨው ስላለው ርጭቱ ጥሩ የደመና ቅንጣት ይተዋል። የጣና ውሃ ግን ንጹህ ነው፤ በሊትር አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ሰማዩን የሚለውጥ አይደለም። የፏፏቴውን አካባቢ ሣር ማለምለሙ ግን አይካድም።

ጥያቄ፦ ሩዝ ነው የምናመርተው። አንዳንዴ መስከረም ሳይገባ ዝናቡ ይቋረጥብናል። ደመና ላይ ኬሚካል ረጭቶ ማዝነብ ይቻላል ሲሉ ሰማን። ተስፋ እናድርግበት? (ፎገራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስታውቅ ምን ያህል ተስፋ እንደምታደርግበት ራስህ ትወስናለህ።

ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይረጋል ብለን እናስተምራለን። ደመና ውስጥ ያለች ንጹህ ጠብታ ግን ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ እስክትደርስ ፈሳሽ ሆና መቆየት ትችላለች። ለመርጋት ሞለኪውሎቿ በበረዶ ሥርዓት መደርደር አለባቸው፤ የሚያስደረድር ገጽ ያስፈልጋቸዋል። ተራ ቅንጣት ይህን አይችልም። አንዳንዱ ብቻ ይችላል። አቧራ ውስጥ ያለ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ይችላል። ቅጠል ላይ የሚኖር አንድ ባክቴሪያም ገጹ ላይ ባለው ፕሮቲን ምክንያት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ ውሃን ያረጋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሰልፈሪክ አሲድ ጥላሸትን ውሃ ወዳድ ያደርገዋል፤ ያው አሲድ ፌልድስፓሩን ሲሸፍነው ግን በረዶ የመሥራት ችሎታውን ያደክምበታል። አንዱን ያበቃል፣ ሌላውን ያበላሻል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ ዜሮ የሚሆነው 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ሲል በረዶ የሚሠራበት ሰማይ ይጀምራል። የክረምቱ ከባድ ደመና ከዚያ በላይ ይወጣል። እዚያ የበረዶ ቅንጣት ከተፈጠረች ከዙሪያዋ ካሉ ጠብታዎች እንፋሎቱን እየወሰደች ታድጋለች፤ ስትወርድ ቀልጣ ዝናብ ትሆናለች።

እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ቪንሰንት ሼፈር ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ)፣ በርናርድ ቮኔጉት ደግሞ ሲልቨር አዮዳይድ (የብርና የአዮዲን ውህድ) ለዚህ ሥራ እንደሚሆኑ አገኙ። የሲልቨር አዮዳይድ ክሪስታል አደረጃጀት ከበረዶ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ የውሃ ሞለኪውሎች ገጹ ላይ ተደርድረው ይረጋሉ። የሚረጨው እሱ ነው።

እንግዲህ ሥራው ያለ ደመናን ማገዝ ነው። በቂ ፈሳሽ ውሃ ያለው፣ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ደመና መኖር አለበት። እናንተ ዘንድ ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ደመናው ራሱ ነው፤ እርጥቡ ነፋስ ይመለሳል። የሚረጭበት ነገር ከሌለ አውሮፕላኑ ቢመጣም ጥቅም የለውም። ለሩዛችሁ የመጨረሻ ሳምንታት ከጉማራና ከርብ ወንዞች በሞተር የምትስቡት ውሃ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ተራ ይዛችሁ የምትጠቀሙበትን ቦይ ከነሐሴ በፊት ጥረጉት።